በባንኩ ስም የመጣው መልእክት፦ 790 ሰዎች የተዘረፉበት የሲንጋፖሩ ጉዳይ

ስልክዎን አንስተው ባንክዎ የላከልዎትን መልእክቶች ይክፈቱ። ከላይ የባንኩ ስም አለ። ከሥሩ ባለፈው ወር የገባው ደመወዝ፣ ከትናንት ወዲያ ከኤቲኤም የወጣው ብር፣ ዛሬ ጠዋት የላኩት ገንዘብ በተርታ ተደርድሯል። አሁን በዚሁ ተርታ መጨረሻ አንድ አዲስ መልእክት ገባ እንበል፤ «በሂሳብዎ ላይ አዲስ ገንዘብ ተቀባይ ተመዝግቧል፤ እርስዎ ካልሆኑ በዚህ ሊንክ ገብተው ያስቁሙ» ይላል። ስሙ ያው የባንክዎ ስም ነው። የተቀመጠውም ለዓመታት ሲያምኗቸው ከኖሩት መልእክቶች ጎን ነው። ማን ይጠረጥራል?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 (በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.) በሲንጋፖር የኦሲቢሲ ባንክ ደንበኞች ላይ የደረሰው ይህ ነው። ነገሩ ተጣርቶ ሲያልቅ የተዘረፉት ሰዎች 790 ሆነው ተገኙ። የተወሰደባቸው ገንዘብ 13.7 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 10 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። ኦሲቢሲ ትናንት የተከፈተ ባንክ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ሦስት ባንኮች ተዋህደው የመሠረቱት፣ በአገሩ ካሉት ታላላቅ ባንኮች አንዱ ነው። የባንኩ ኮምፒውተር አልተሰበረም፤ ማንም በጓሮ በር አልገባም። ገንዘቡ የወጣው በፊት ለፊት በር፣ በትክክለኛ የይለፍ ቃልና በትክክለኛ ኮድ ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ስለ ሞባይል ባንኪንግ ጥንቃቄ ሲወራ ነገሩ ሁልጊዜ «ሚስጥር ቁጥርህን ለሰው አትስጥ» በሚል ምክር ተጀምሮ በዚያው ያልቃል። ምክሩ ትክክል ነው። የሲንጋፖሩ ሰዎችም ግን ያንን ምክር በደንብ ያውቁት ነበር፤ እንዲያውም በብዙዎቹ አስተሳሰብ ሚስጥራቸውን የሰጡት ለሌላ ሰው ሳይሆን ለባንካቸው ነው።

ከስሙ እንጀምር፤ የተንኮሉ ሥር ያለው እዚያ ነውና። ተራ ሰው መልእክት ሲልክልን የስልክ ቁጥሩ ይታያል። ድርጅቶች በብዛት ሲልኩ ግን በላኪው ቦታ ከቁጥር ይልቅ እስከ 11 የሚደርሱ የላቲን ፊደላትና አኀዞች ማስገባት ይችላሉ። ያ ቦታ ባዶ ሣጥን ነው። የሚሞላው ላኪው ራሱ ወይም መልእክቱን የሚያሰራጭለት ኩባንያ ነው፤ ኤስኤምኤስ ሲሠራ ጀምሮ «ይህን ስም ለመጠቀም መብት አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ አልተቀመጠበትም። በፖስታ ጀርባ ላይ የላኪ ስም እንደመጻፍ ነው፤ ማንም የማንንም ስም ቢጽፍ ደብዳቤው ይደርሳል። ስልካችን ደግሞ የሚያውቀው ማመሳሰል ብቻ ነው። ፊደሉ አንድ ከሆነ ላኪው አንድ ነው ብሎ ሁሉንም በአንድ ክር ያስራቸዋል። ስለዚህ የሌባው መልእክት ከእውነተኛው የባንክ መልእክት ሥር መጥቶ የተቀመጠው ሌባው ስልኩን ስለሰበረ አይደለም። ስልኩ ራሱ፣ ባለቤቱን የረዳ መስሎት፣ አምጥቶ አስቀመጠለት።

ሊንኩን የነኩት ሰዎች የባንኩን ገጽ የሚመስል ገጽ ተከፈተላቸው። ቀለሙም ምልክቱም ያው ነው። የመጠቀሚያ ስማቸውንና ሚስጥር ቁጥራቸውን አስገቡ። በዚያች ቅጽበት ሌቦቹ ያንኑ ስምና ቁጥር በእውነተኛው የባንኩ ገጽ ላይ ያስገባሉ። እውነተኛው ባንክ ሥርዓቱ እንደሚያዘው የአንድ ጊዜ ኮድ ወደ ደንበኛው ስልክ ይልካል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ኮዱ እውነተኛ ነው፣ የላከውም እውነተኛው ባንክ ነው፣ የገባውም በዚያው የመልእክት ክር ውስጥ ነው። ጥርጣሬ የነበረው ሰው እንኳ ኮዱ ሲደርሰው «እውነትም ባንኩ ነው» ብሎ ይረጋጋል። ባንኩ ሳያውቀው ለሌባው ውሸት ምስክር ሆነ ማለት ነው። ደንበኛው ኮዱን በሐሰተኛው ገጽ ላይ ጻፈ።

ያ ኮድ ደግሞ አንድ ክፍያ ብቻ የሚያጸድቅ አልነበረም። የሲንጋፖር ባንኮች ድሮ ለደንበኞቻቸው ኮድ የምታወጣ፣ ከቁልፍ ጋር የምትንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ይሰጡ ነበር። ቶክን ይሏታል። በኋላ ሥራዋ በስልክ አፕ ውስጥ ገባና ዲጂታል ቶክን ተባለ። ቶክኑ ያለበት ስልክ የሂሳቡ ቁልፍ ነው፤ ገንዘብ ይውጣ ሲባል «እሺ» ብሎ የሚያጸድቀው እሱ ነው። ሌቦቹ ያን ኮድ የተጠቀሙበት ቶክኑን በራሳቸው ስልክ ላይ ለማስነሳት ነው። ከዚያ በኋላ ደንበኛው አያስፈልግም። አዲስ ገንዘብ ተቀባይ ይመዘግባሉ፣ የዕለት የማስተላለፊያ ጣሪያውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ያስተላልፋሉ፤ ባንኩ «ያጸድቃሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው የሚደርሰው ሌባው እጅ ባለው ስልክ ላይ ነው። ባለቤቱ በገዛ ሂሳቡ ባዳ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚፈጀው ደቂቃዎችን ነው።

አንድ ወጣት ባልና ሚስት በአምስት ዓመት ያጠራቀሙት ወደ 120,000 የሲንጋፖር ዶላር በዚህ መንገድ ሄደባቸው። ታሪኩ በአገሩ መገናኛ ብዙኃን ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ፤ ቴክኖሎጂ የማያውቁ አዛውንቶች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ታየ። ከተዘረፉት መካከል ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ የሚውሉ የተማሩ ሰዎችም ነበሩ።

የቀኑ አመራረጥ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ፖሊስ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዲሴምበር 23 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የታወቁት ከ8 እስከ 17 ባሉት ቀናት የተዘረፉ 26 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ የወሰዱባቸውም ወደ 140,000 የሲንጋፖር ዶላር ነው። ከዚያ የፈረንጆቹ ገና መጣ። ገና ቅዳሜ ዋለ፤ ቢሮው ዝግ፣ ሰው በቤተሰብ ግብዣ ላይ፣ የባንክ ሠራተኛው በፈረቃ። በዲሴምበር 30 ፖሊስ ሲቆጥር ተጎጂዎቹ ቢያንስ 469፣ ገንዘቡም ቢያንስ 8.5 ሚሊዮን ሆኖ ነበር። ማስጠንቀቂያው ወጥቶ ሳለ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። ማስጠንቀቂያን ለማቃለል አይደለም፤ ነገር ግን ጋዜጣ ላይ ያነበብነው ምክርና በግብዣ መሀል ስልካችን ላይ ብልጭ ያለው ድንጋጤ እኩል ጉልበት የላቸውም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ክፍል የስልክ ጥሪው ነው። አንዳንዶቹ ተጎጂዎች ከሂሳባቸው ገንዘብ እየወጣ መሆኑን የሚያሳውቅ መልእክት ሲደርሳቸው ወዲያው ነቅተዋል። ሐሰተኛው ገጽ ሳይሆን ትክክለኛው የባንክ ቁጥር ላይ ደወሉ። ማድረግ ያለባቸውን በትክክል አደረጉ ማለት ነው። መስመሩ ግን «እባክዎ ይጠብቁ» አለ፤ ሙዚቃ ተከፈተ። ሙዚቃውን በአንድ ጆሯቸው እያዳመጡ ቀሪ ሂሳባቸው ሲያልቅ በዓይናቸው አዩ። ባንኩ በኋላ የደንበኞች አገልግሎቱና የአደጋ ምላሹ ከሚጠበቅበት በታች እንደነበር አምኗል።

ከዚያም እንደ ማንኛውም አገር ወቀሳው ተጎጂው ላይ መጣ። «ሊንክ ምን አስነካቸው?» ተባለ። እኔ ይህን ወቀሳ አልቀበልም። እነዚህ ሰዎች ሎተሪ ደርሶሃል ተብለው በስግብግብነት የሮጡ አይደሉም። «ገንዘብህ ሊወሰድ ነው፤ አስቁም» ተብለው፣ ያላቸውን ለመጠበቅ የተጣደፉ ናቸው። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እንላለን። እዚህ ግን ሰዎቹን ያስቸኮላቸው ሌባው ነው፤ ባንኩም ቢሆን ለዓመታት በመልእክቶቹ ውስጥ ሊንክ እየላከ ጣታቸውን አስለምዶት ነበር። ደንበኛውን «ንካ» ብሎ ያሳደገ ተቋም «ለምን ነካህ?» ብሎ ለመጠየቅ አፍ የለውም።

ገንዘቡ ወዴት ሄደ ለሚለው ባጭሩ፦ በመጀመሪያ የሄደው በአገሬው ሰዎች ስም ወደተከፈቱ ሂሳቦች ነው፤ ከዚያ ከፊሉ ወደ ውጭ አገር ተሻገረ። ፖሊስ የባንክ ሂሳባቸውን ለማያውቁት ሰው አሳልፈው የሰጡ ወጣቶችን ይዞ ለፍርድ አቅርቧል። «ኤቲኤም ካርድህን አውሰኝ፣ ገንዘብ የሚገባልኝ አለ» የሚል ጥያቄ እኛም አገር እንግዳ አይደለምና ይህን ወጣት ወንድምና እህት ያላችሁ በደንብ ንገሯቸው። የሂሳቡ ስም የማን ነው ከተባለ፣ ተጠያቂው ያ ሰው ነው።

ዋናው ነገር ያለው ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። ጃንዋሪ 19 ቀን 2022 የሲንጋፖር የገንዘብ ባለሥልጣን (እንደ እኛ ብሔራዊ ባንክ ያለው ማለት ነው) ከባንኮች ማኅበር ጋር ሆኖ ለሁሉም ባንኮች ትእዛዝ አወጣ፤ የሁለት ሳምንት ጊዜም ሰጣቸው። ለደንበኞች በሚላክ ኤስኤምኤስና ኢሜይል ውስጥ የሚነካ ሊንክ እንዳይኖር ተከለከለ። ከ100 የሲንጋፖር ዶላር ጀምሮ ለሚወጣ ገንዘብ፣ ደንበኛው ባይጠይቅም ማሳወቂያ እንዲደርሰው ተደረገ። ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ይቀየርልኝ የሚል ጥያቄ ሲመጣ በቀድሞው አድራሻ ላይ መልእክት እንዲላክ ታዘዘ። አንዱ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል፦ ዲጂታል ቶክን በአዲስ ስልክ ላይ ሲጠየቅ ሥራ የሚጀምረው ቢያንስ ከ12 ሰዓታት በኋላ ነው።

ስለዚህች የ12 ሰዓታት ቆይታ ትንሽ ልናገር። በውስጧ ምንም ረቂቅ ቴክኖሎጂ የለም። ሌባውን ለይታ አታውቅም፤ ሐሰተኛውን ገጽ አትዘጋም፤ ደንበኛውንም ብልጥ አታደርገውም። የምታደርገው ጊዜን ከሌባው ወስዳ ለባለቤቱ መስጠት ነው። የዲሴምበሩ ዝርፊያ የቆመው በፍጥነት ላይ ነበር፤ ኮዱ ከተሰጠ እስከ ገንዘቡ መሻገር ያለው ጊዜ ባለቤቱ ደንግጦ ከመንቃቱ በፊት ማለቅ ነበረበት። ቶክኑ ግማሽ ቀን ከቆየ ግን ማታ የተታለለ ሰው ጠዋት ይነቃል፤ መልእክቱን እንደገና ያነባል፤ ለትዳር ጓደኛው ወይም ለልጁ ያሳያል፤ ይደውላል። መስመሩ ላይ አንድ ሰዓት ቢያስጠብቁት እንኳ ገንዘቡ አለ። ባንኮች ለዓመታት «በሰከንድ ውስጥ» እያሉ ሲያስተዋውቁን ኖረዋል። ፍጥነቱ ለዳቦና ለታክሲ ሂሳብ ጥሩ ነው። የሂሳብን ቁልፍ ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ ለማዛወር ግን ለምን ሰከንድ? አዲስ ስልክ የገዛ እውነተኛ ደንበኛ ግማሽ ቀን ቢጠብቅ የሚጎዳው ምንድን ነው?

ኦሲቢሲ በዚያው ወር ለተጎጂዎቹ በሙሉ የተወሰደባቸውን ገንዘብ መለሰ፤ ክፍያውን የሰጠው በበጎ ፈቃድ ስም ነው። በፌብሩዋሪ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፦ ወደ ባንኩ ደውሎ 8 ቁጥርን የተጫነ ሰው ሠራተኛ እስኪያነሳለት ሳይጠብቅ ሂሳቡን በሙሉ መዝጋት ይችላል። በኤቲኤም ላይም ይሠራል። የዚያን የሙዚቃ ጥበቃ ሳስብ፣ ይህች 8 ቁጥር ከየት እንደመጣች ይገባኛል። በሜይ 2022 የገንዘብ ባለሥልጣኑ በባንኩ የአደጋ አያያዝ ላይ ጉድለት ስለተገኘ ወደ 330 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ካፒታል መድቦ እንዲይዝ አዘዘው። ይህ ቅጣት ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም፤ ባንኩ ሊያበድረው ሊሠራበት የሚችለውን አቅም ማሰር ነው። ከጠፋው ገንዘብ ከ20 እጥፍ በላይ መሆኑን ልብ በሉ።

የላኪው ስም ቀዳዳም ተደፈነ፤ ይህ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። ከጃንዋሪ 31 ቀን 2023 ጀምሮ በሲንጋፖር በስም መልእክት የሚልክ ድርጅት ሁሉ መመዝገብ አለበት፤ ያልተመዘገበ ስም የሚጠቀም መልእክት ማጭበርበሪያ ሳይሆን እንደማይቀር የሚያስጠነቅቅ ምልክት ተለጥፎበት ይደርሳል። በኖቬምበር 2023 ኦሲቢሲና ሌሎቹ ታላላቅ ባንኮች ደንበኛው ከገንዘቡ የፈለገውን ያህል እንዲቆልፍ አስቻሉት፤ የተቆለፈው በኢንተርኔትም በስልክም አይወጣም። በ2024 ዲጂታል ቶክን ያላቸው ደንበኞች ወደ ሂሳባቸው ሲገቡ በኤስኤምኤስ ኮድ መጠቀማቸው እንዲቀር ተወሰነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 16 ሥራ ላይ የዋለ መመሪያ ደግሞ እንዲህ ባለ ዝርፊያ ኪሣራው የማን እንደሆነ በቅደም ተከተል አስቀመጠ፦ ባንኩ ግዴታውን ካጓደለ ባንኩ ይከፍላል፤ ባንኩ አሟልቶ የቴሌኮም ድርጅቱ ካጓደለ እሱ ይከፍላል፤ ለደንበኛው የሚቀረው ሁለቱም የሚጠበቅባቸውን ሁሉ አድርገው ሲገኙ ነው።

እኛስ? የኤስኤምኤስ አሠራር በአዲስ አበባም በሪያድም በዋሽንግተንም መሠረቱ አንድ ነው፤ የላኪው ስም ከእውነተኛዎቹ ጎን መቀመጡ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ባንኮች በ2025 የኤስኤምኤስ ኮድን እያስቀሩ ማረጋገጫውን ወደ አፕ ማዞር ጀምረዋል፤ እዚያ የምትሠሩ ወገኖች «አፑን በዚህ ሊንክ አድሱ» የሚል መልእክት ቢመጣላችሁ አትንኩት፤ ራሳችሁ አፑን ከፍታችሁ እዩ። አገር ቤት ደግሞ ሌባው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሊንክ ሳይሆን በድምፅ ነው። ደውሎ በትሕትና «ከባንክ ነው፤ ሂሳብዎን እያስተካከልን ነው፤ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላል። ቁጥሯ የምትሠራው ግን ያው የሲንጋፖሯን ሥራ ነው፤ የእርስዎን ሂሳብ በእሱ ስልክ ላይ ትከፍታለች።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ጋ ቡና እየጠጣን ይህንኑ ጉዳይ አነሳሁባት።

«እማዬ፣ ባንክ ደውሎ በስልክሽ የገባውን ቁጥር ቢጠይቅሽ ትሰጫለሽ?»

«ባንኩ ከሆነማ እሰጣለኋ! ገንዘቤ እነሱ ጋ አይደል እንዴ ያለው?»

መልሷ ስንፍና የለበትም። 790ዎቹም ያሰቡት ይህንኑ ነው። ስለዚህ «አትስጪ» ከሚለው ምክር ይልቅ ሲንጋፖር በትእዛዝ የሠራችውን እኛ ቤት በእጃችን መሥራት ይሻላል ብዬ አብረን ቅርንጫፍ ሄድን። ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ከስልኳ ጋር ወዳልተያያዘ ሌላ ሂሳብ አዛወርነው፤ ያን ለማውጣት መታወቂያዋን ይዛ በእግሯ መሄድ አለባት። በስልኳ ላይ የቀረው የወር አስቤዛዋ ነው። የዕለት የማስተላለፊያ ጣሪያዋንም አስቀነስን። የባንኩን የጥሪ ቁጥር ከካርዷ ጀርባ ገልብጬ በትልልቁ ጻፍኩና ቁም ሣጥኗ በር ላይ ለጠፍኩት፤ የሚደውልላት ማንም ይሁን ማን ዘግታ እዚህ ላይ እንድትደውል። ስለ 12 ሰዓታቷ ቆይታም ነገርኳት። እሷን ከሁሉ የገባት ይቺ ናት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ደወሉላት። ልጁ ጨዋ ነበር አለችኝ። «እናቴ፣ የደረሰዎትን ቁጥር አሁኑኑ ካልነገሩን ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው» አላት።

«ይዘጋ ልጄ፤ ነገ ጠዋት መጥቼ አስከፍተዋለሁ» አለችው።